የቲፍ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፦ በቺካጎ ወገኖቻችን መካከል ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቺካጎ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው ከተማችን «ቲፍ» ብላ ስለምትጠራው አሠራር ነው፤ በአንድ በተከለለ አካባቢ የሚያድገውን የንብረት ግብር ለይቶ ለዚያው አካባቢ ልማት ስለሚያውለው አሠራር ማለት ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ቤት የገዛውም፣ ምግብ ቤት የከፈተውም፣ ተከራይቶ የሚኖረውም ወገናችን በዚህ ገንዘብ ይነካል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው እንዳለ ተቀብሎት ስላየሁ፣ ከዚያም አልፎ ጽሑፉ ለአልደርማኖች፣ ማለትም ለከተማው ምክር ቤት አባላት፣ የሚላክ የድጋፍ ደብዳቤ እንድንፈርም ስለሚጠይቅ፣ መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በቅድሚያ ሐሳባቸውን እሳቸው በሚቀበሉት መልክ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገሮችን ይላሉ። አንደኛ፣ የቲፍ ገንዘብ ልማቱ ራሱ የሚወልደው ስለሆነ ከማንም ኪስ አይወጣም። ሁለተኛ፣ እነሱ ካልገነቡ የሚከፋፈል ነገር ስለማይኖር ገንዘቡ ለታላላቅ አልሚዎች መሰጠቱ ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ ከተማው በየዓመቱ ከቲፍ ሒሳቦች «ትርፍ» እያወጀ ለትምህርት ቤቶችና ለሌሎች ማከፋፈሉ የዘር እህል እንደ መብላት ነው። አራተኛ፣ በአፕታውንና በኤጅዋተር አዲስ የተሠሩት የባቡር ጣቢያዎችና ለትናንሽ ነጋዴዎች የሚሰጠው የማሻሻያ ድጎማ ሥርዓቱ እንደሚሠራ ያረጋግጣሉ፤ ስለዚህ ዘመናቸው የሚያበቃው ክልሎች ሁሉ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲራዘሙ መደገፍ አለብን። አምስተኛ፣ ተቺዎች የሚፈልጉት ማፍረስ ነው፤ ካሊፎርኒያም አፍርሳ ተጸጽታለች።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የኢሊኖይ ግዛት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ቺካጎ የመጀመሪያውን ክልል በመሀል ከተማ ያቋቋመችው በ1984 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አንድ አካባቢ ተጎሳቁሏል፣ ወይም ወደዚያው እያመራ ነው ተብሎ ሲከለል፣ በወቅቱ ያለው የንብረቶቹ ጠቅላላ የግብር ግምት እንደ መነሻ ተይዞ ባለበት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለ23 ዓመታት ትምህርት ቤቱ፣ ካውንቲው፣ የመናፈሻዎቹ አስተዳደርና ከተማው ራሱ ከዚያ ክልል ድርሻቸውን የሚያገኙት ባለበት ከቆመው መነሻ ብቻ ነው፤ ከመነሻው በላይ ያደገው ግምት የሚያመጣው ግብር ወደ ቲፍ ሒሳብ ይገባል። በቅርብ ዓመታት በቺካጎ ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ክልሎች ነበሩ፤ በዓመት የሚሰበስቡትም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ገንዘቡ ከከተማው መደበኛ በጀት ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ በበጀት ክርክር ወቅት እንደሌላው ወጪ በየመስመሩ አይመረመርም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ የቀሩት ሁሉ በእሱ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። ብዙዎቻችን የንብረት ግብር የሚሰላው በቤታችን ግምት ላይ አንድ ቋሚ መቶኛ በማስላት ይመስለናል። በኢሊኖይ እንዲያ አይደለም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ግብር ሰብሳቢ አካል ለዓመቱ የሚፈልገውን ጠቅላላ ገንዘብ ይወስናል፤ ካውንቲው ደግሞ ያንን ገንዘብ ለንብረቶቹ ጠቅላላ ግምት አካፍሎ የግብሩን ምጣኔ ያወጣል። ሸክሙን የሚካፈለው ግምት ሲበዛ ምጣኔው ይወርዳል፤ ሲያንስ ይወጣል። የቲፍ ክልል የሚያደርገው አዲስ ያደገውን ግምት ሸክሙን ከሚካፈሉት መካከል አውጥቶ ለብቻው ማቆም ነው።

በትንሽ ቁጥር እንየው። የአንድ ከተማ ጠቅላላ የግብር ግምት 100 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል፤ ትምህርት ቤቱና ሌሎቹ አካላት የሚፈልጉት ደግሞ 7 ሚሊዮን። ምጣኔው 7 በመቶ ይሆናል፤ ቤቱ በ50,000 ዶላር የተገመተበት ሰውም 3,500 ዶላር ይከፍላል። ከዚያ በከተማው አንድ ጥግ አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩና ግምቱ በ10 ሚሊዮን አደገ። ቲፍ ባይኖር 7 ሚሊዮኑ ለ110 ሚሊዮን ስለሚካፈል የዚህ ሰው ክፍያ ወደ 3,182 ዶላር ገደማ ይወርድ ነበር። ያ ጥግ የቲፍ ክልል ከሆነ ግን አዲሱ 10 ሚሊዮን ከስሌቱ ውጭ ይቀራል፤ ምጣኔው 7 በመቶ እንደሆነ ይቆያል፤ ሰውየው 3,500 ዶላሩን መክፈሉን ይቀጥላል፤ ከአዲሶቹ ሕንፃዎች የሚገኘው 700,000 ዶላርም ወደ ቲፍ ሒሳብ ይሄዳል። ለሰውየው ማንም አዲስ ግብር ተጥሎብሃል አላለውም፤ ደረሰኙ ላይ የተለወጠ ነገርም አያይም። ይሁን እንጂ ሊቀርለት የሚችል 318 ዶላር ከፍሏል፤ ይህ ሰው ደግሞ ከክልሉ በብዙ ማይል ርቆ የሚኖር፣ ስለ ክልሉ መኖር ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

የትምህርት ቤቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ከዓመት ወደ ዓመት ሊጨምሩት የሚችሉት የንብረት ግብር በግዛቱ ሕግ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ከዚያ ጣሪያ በላይ እንዲሰበስቡ ከሚፈቅዱላቸው ጥቂት በሮች አንዱ አዲስ ግንባታ ነው። አዲሱ ሕንፃ የቆመው በቲፍ ክልል ውስጥ ከሆነ ክልሉ እስኪያበቃ ድረስ ያ በር ዝግ ነው፤ አዲስ በተሠራው አፓርታማ ውስጥ የገቡት ቤተሰቦች ልጆች ግን የክልሉን መዘጋት ሳይጠብቁ ትምህርት ሲከፈት ክፍል ይገባሉ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መስጠት አለብኝ። አንዳንድ ተቺዎች የቲፍ ገንዘብ በሙሉ ከትምህርት ቤት የተዘረፈ አድርገው ያቀርቡታል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ነገ ክልሎቹ ሁሉ ቢዘጉ 1 ቢሊዮኑ እንዳለ ወደ ክፍሎቹ አይሄድም፤ ገሚሱ ትምህርት ቤቶችና ሌሎች አካላት ሊሰበስቡት የሚችሉት ገቢ ይሆናል፤ ገሚሱ ደግሞ በዝቅተኛ ምጣኔ መልክ ለግብር ከፋዩ ይመለሳል። ከዚህም በላይ፣ ዕድገቱ ያለ ቲፍ በፍጹም የማይመጣ ከነበረ የጸሐፊው ክርክር ልክ ነው፤ ያልነበረን ነገር ማንም ከማንም ሊወስድ አይችልምና። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ቲፍ ባይኖር ኖሮ ዕድገቱ ይመጣ ነበር ወይስ አይመጣም ነበር? ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱ አንድን ክልል ሲያጸድቅ አካባቢው ያለዚህ ድጋፍ ይለማል ተብሎ እንደማይጠበቅ ማረጋገጥ አለበት። ጸሐፊው ይህን መስፈርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈውታል፤ እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ።

በ2000 ሪቻርድ ዳይና ዴቪድ ሜሪማን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በቺካጎ አካባቢ ያሉትን ከተሞች አነጻጽረው፣ ቲፍን የተጠቀሙት ከተሞች ካልተጠቀሙት ይልቅ በዝግታ እንዳደጉ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ዕድገቱ ወደ ክልሉ የሚመጣው ከዚያው ከተማ ሌላ ጥግ ተነሥቶ ነው የሚል ነው፤ ሱቁ ከአንዱ ጎዳና ለቅቆ ሌላው ጎዳና ላይ ቢከፈት ክልሉ አደገ ይባላል፣ ከተማው ግን ባለበት ነው። ሜሪማን በ2018 ከ30 በላይ ጥናቶችን ገምግሞ ባወጣው ሪፖርትም አብዛኞቹ ቲፍ የታለመለትን ዕድገት ማምጣቱን እንዳላረጋገጡ ጽፏል። ይህ ማለት ቲፍ ፈጽሞ አይሠራም ማለት አይደለም። «ገንዘቡ ከልማቱ የተወለደ ነው» የሚለውን ግን ማንም እንደተረጋገጠ ነገር አድርጎ ሊነሣበት አይችልም፤ በየክልሉ፣ በየፕሮጀክቱ መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።

ከጥናት ይልቅ በዓይን የታየ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ የላሳል ጎዳናን ልጥቀስ። በ2006 የከተማው የገንዘብ ተቋማት እምብርት የሆነው አካባቢ የቲፍ ክልል ተደረገ። ከዚያ ክልል ለታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ተፈቀደ። በ2012 መጀመሪያ ሲኤምኢ ግሩፕ፣ ሲኤንኤ እና ባንክ ኦፍ አሜሪካ በድምሩ 34 ሚሊዮን ዶላር ያህል የቲፍ ገንዘብ እንደማይፈልጉ ወይም እንደሚመልሱ ተገለጸ። ገንዘቡ ቀርቶ ኩባንያዎቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ሲኤምኢ እስከ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ ነው። በርግጥ ሲኤምኢ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2011 መጨረሻ፣ ከግዛቱ የግብር ቅናሽ አግኝቶ ስለነበር ያለ ምንም ድጋፍ ቆየ ማለት አይቻልም። ቢሆንም ገንዘቡ ሲፈቀድ «ያለዚህ አይሆንም» ተብሎ ነበር፤ ያለዚያ ሆነ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ አልሚዎቹ ልለፍ። ጸሐፊው ዋና ምሳሌ ያደረጉት ሊንከን ያርድስ የተባለውን ግዙፍ የግንባታ ፕሮጀክት ነው። ምክር ቤቱ በሚያዝያ 2019፣ ከንቲባ ራም ኢማኑኤል ሥልጣን ሊለቁ በተቃረቡበት ጊዜ፣ ለዚህ ፕሮጀክት እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር፣ በዚያው ዕለትም ከመሀል ከተማው በስተ ደቡብ ለሚገኘውና «ዘ ሰቨንቲ ኤይት» ለተባለው ፕሮጀክት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የቲፍ ገንዘብ አጸደቀ። ጸሐፊው በትክክል እንዳሉት ገንዘቡ ለፎቆቹ አልነበረም። የኢሊኖይ ሕግ በመርሕ ደረጃ አዲስ የግል ሕንፃ መገንቢያ እንዲሆን አይፈቅድም፤ የታሰበው ለመንገድ፣ ለድልድይና ለመሳሰለው ነው። አልሚው በመጀመሪያ ከራሱ አውጥቶ ሠርቶ፣ በኋላ ከሚያድገው ግብር እንዲተካለት የሚያደርግ ውል ስለነበር፣ ግንባታው ሲጓተት ከተማው ያን ሁሉ ገንዘብ አልከሰረም። ይህ የውሉ ጠንካራ ጎን ነው፤ አልክድም።

ነገር ግን ቦታው የት እንደሆነ እንመልከት። ሊንከን ያርድስ የታቀደው በሊንከን ፓርክና በባክታውን መካከል፣ የቀድሞ የብረት ፋብሪካ በነበረበት በወንዙ ዳር መሬት ላይ ነው። ፋብሪካው የለቀቀው መሬት ባዶ መሆኑ እውነት ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት ሰፈሮች ግን ከከተማው እጅግ ሀብታሞቹ መካከል ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ መሬት ያለ ድጎማ አይለማም ብሎ ለመደምደም ከባድ ማስረጃ ያስፈልጋል። የሆነውን ደግሞ አየን፤ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገብቶለትም ፕሮጀክቱ አልተነሣም። ከታቀዱት ብዙ ሕንፃዎች አንድ የምርምር ሕንፃ ብቻ ቆመ፤ በ2025 አበዳሪው ባንክ የመሬቱን ሰፊ ክፍል ተረከበ። ግንባታ የሚነሣውና የሚወድቀው በወለድ፣ በቢሮ ኪራይ ፍላጎትና በባንኮች ፈቃድ ነው፤ የቲፍ ቃል እነዚህን አልተካቸውም። «እነሱ ካልገነቡ የሚከፋፈል ነገር የለም» የሚለው አባባል እነሱ እንዲገነቡ የሚያደርጋቸው ቲፍ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥራል፤ ጸሐፊው የመረጡት ምሳሌ ግን ይህን አያሳይም።

ሁሉንም በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። ሰቨንቲ ኤይት የሚገኝበት መሬት የድሮ የባቡር ግቢ ነው፤ በመሀል ከተማው አፍንጫ ሥር ለአሥርት ዓመታት ባዶውን ኖሯል፤ መንገድና የውሃ መስመር ሳይዘረጋለት ማንም እንደማይገነባበት ለመከራከር ይቻላል። በእኛው ሰፈር፣ በአፕታውን፣ ያለው ዊልሰን ያርድም እንዲሁ ነው። በ1996 የባቡር መጠገኛው በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ቦታው ለዓመታት ባዶ ቆየ፤ በ2001 የቲፍ ክልል ሆነ፤ ከብዙ ውዝግብና ክስ በኋላ በ2010 ታርጌት የተባለው ትልቅ መደብር ተከፈተ፤ አጠገቡም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦችና አረጋውያን 178 አፓርታማዎች ተሠሩ። ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቲፍ ገንዘብ ወጥቶበታል። ለአፓርታማዎቹ የወጣውን እደግፋለሁ፤ የሰፈሩ ኪራይ እያሻቀበ ሲሄድ እነዚያ 178 ቤቶች በገበያው አልተወሰዱም፤ ገበያውም በራሱ ፈቃድ አይሠራቸውም ነበር። ለታርጌት የወጣውን በተመለከተ ግን፣ በመላ አገሪቱ ሱቅ የሚከፍት ኩባንያ ያለ ድጋፍ አይመጣም ነበር ብሎ ለማመን ይቸግረኛል።

ሦስተኛውን ነጥብ ባጭሩ ልመልስ። ለ2025 በጀት ከተማው 570 ሚሊዮን ዶላር የቲፍ ትርፍ አወጀ፤ ከዚህ ውስጥ 311 ሚሊዮን ያህሉ የትምህርት ቤቶቹ ድርሻ ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ያለው ገንዘብ በየዓመቱ ተደጋግሞ ለሚመጣ ወጪ መደገፊያ መሆኑ አደገኛ ነው ሲሉ እስማማለሁ፤ አንድ ጊዜ የተገኘ ገንዘብ የዓመት ደመወዝ መሠረት ሊሆን አይገባውም። የዘር እህል የሚለው ንጽጽር ግን አይሠራም። የዘር እህል የሚባለው የገበሬው የራሱ ሲሆን ነው። ትርፍ የሚባለው በየሒሳቡ ተቀምጦ ለየትኛውም ፕሮጀክት ያልተመደበ ገንዘብ ነው፤ ሕጉ እንዲመለስ የሚያደርገውም ክልሉ ባይኖር ኖሮ ይደርሳቸው ለነበሩት አካላት በየድርሻቸው ነው። ባለዕዳ የተበደረውንና የማያስፈልገውን ገንዘብ ሲመልስ ዘሩን በላ አይባልም። በእኔ እምነት ከዓመታዊው የትርፍ ማወጅ የሚሻለው ሥራቸውን የጨረሱ ክልሎች በዘመናቸው ማብቂያ እንዲዘጉ መተው ነው፤ ያኔ ገንዘቡ በከንቲባ ፈቃድ ሳይሆን በቋሚነት ይመለሳል። ምክር ቤቱ በሚያዝያ 2024 በ32 ለ17 ድምፅ ያጸደቀው የ1.25 ቢሊዮን ዶላር የቤትና የኢኮኖሚ ልማት ቦንድ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ክልሎቹ ሲዘጉ ወደ ከተማው የሚመለሰው ግብር ዕዳውን ይከፍላል ተብሎ። ቦንድ ዕዳ መሆኑ ባይዘነጋም፣ ቢያንስ ገንዘቡ በአንድ ክልል አጥር ውስጥ ሳይታሰር ወደሚያስፈልገው ሰፈር እንዲደርስ ያደርጋል።

አራተኛው ነጥብ ለብዙዎቻችን ልብ የቀረበው ነው፤ ለእኔም ጭምር። ከሎረንስ እስከ ብሪን ማር ያሉት አራቱ የቀይ መስመር ጣቢያዎች ከመታደሳቸው በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር በዚያ የተመላለሰ ሁሉ ያስታውሳል። መድረኩ ጠባብ ነው፤ ባቡሩ ሲገባ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ ሊፍት የሚባል የለም። እናቴ ጉልበቷን ታማ በነበረበት ጊዜ አርጋይል ላይ ወደ ላይ ስንወጣ ክንዷን ይዤ በየሦስት በየአራት ደረጃው እናርፍ ነበር፤ ከኋላችን የሚቸኩሉት ሰዎች በጎናችን ሲያልፉ እሷ የብረቱን ድጋፍ ለቅቃ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ጣቢያዎቹ በሐምሌ 2025 እንደ አዲስ ሲከፈቱ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ሊፍቱ ነው። መድረኩ ሰፍቷል፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ቆመው ያወራሉ። ለዚህ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ከማንኛውም ፎቅ ይልቅ ያስደስተኛል። ጸሐፊው ይህን ሲያደንቁ አብሬያቸው አደንቃለሁ።

ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብ የመጣበትን ክልል ሕግ ልብ ብለው ያነበቡት አይመስለኝም። በ2016 የተቋቋመው ከሌሎቹ የተለየ «የትራንዚት ቲፍ» ነው፤ ግዛቱ ለዚሁ ሲል ሕጉን አሻሽሎታል። በዚህ ክልል የትምህርት ቤቶቹ ድርሻ አይነካም፤ ከዕድገቱ የሚደርሳቸውን ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ። ከቀረው ውስጥም 80 በመቶው ለባቡሩ ሥራ ሲሄድ 20 በመቶው ለሌሎቹ ግብር ሰብሳቢዎች ይመለሳል። ገንዘቡ የተመደበው ሁሉም ሰው ለሚጠቀምበት፣ ማንም ሸጦት ሊሄድ ለማይችል አንድ የሕዝብ ሥራ ነው፤ የከተማውን ድርሻ በማሟላቱም ከፌዴራል መንግሥት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው፣ ቀይ መስመርን ከ95ኛው ጎዳና እስከ 130ኛው ለማድረስ የሚረዳው የ959 ሚሊዮን ዶላር ክልልም በዚሁ ሕግ የተሠራ ነው፤ መሀል ከተማው ዙሪያ የሚያድገው ግብር እስከ ደቡቡ ጫፍ እንዲሄድ ያስችላል። በተለመደው ቲፍ ገንዘብ ሊሻገር የሚችለው አጥር ለአጥር ወደሚዋሰነው ክልል ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የተለመደው ሥርዓት ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲራዘም ሲከራከሩ የጠቀሱት ምርጥ ማስረጃ፣ የተለመደው ሥርዓት ጉድለት ታውቆ ቅድመ ሁኔታ የተበጀለት ክልል ነው። ጣቢያዎቹ የሚያስረዱት የእኔን ነጥብ ነው።

ለትናንሽ ንግዶች የሚሰጠውም ድጎማ በጎ ነገር ነው፤ እንዲሰፋም እፈልጋለሁ። ከተማው በተፈቀደላቸው የቲፍ ክልሎች ውስጥ ላሉ ንግዶች ለጣሪያ፣ ለፊት ገጽታ፣ ለመታጠቢያ ክፍልና ለመሳሰለው ዘላቂ ማሻሻያ ከወጪው ከ30 እስከ 90 በመቶ ይሸፍናል፤ ለአንድ ንግድ ቤት የሚሰጠው ከፍተኛው ድጎማ 150,000 ዶላር ነው። ነገር ግን በመደበኛው አሠራር ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ብሮድዌይ ላይ ስድስት ጠረጴዛ ያላት አንዲት እኅታችን የአካል ጉዳተኛ ወንበር የሚያስገባ መታጠቢያ ክፍል በ40,000 ዶላር ልታሠራ ፈለገች እንበል፤ ድጎማው ሦስት አራተኛውን ይሸፍንላታል፤ በመጨረሻ ከራሷ የምታወጣው 10,000 ብቻ ነው። ኮንትራክተሩ ግን የመጨረሻውን ቀን አይጠብቅም፤ 40,000ው በእጇ መኖር አለበት። ወይ ዕቁብ ወጥቶላት መሆን አለበት፣ ወይ ዘመድ ማበደር አለበት፣ አለዚያ የተፈቀደላት ገንዘብ በወረቀት ላይ ይቀራል። ለአንድ ግዙፍ አልሚ ቀድሞ አውጥቶ በኋላ መተካት የሥራው ተራ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶቻችን በተከራዩት ቤት ያሉ ናቸው፤ የንግድ ቤት ውሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የንብረት ግብሩን ጭማሪ ወደ ተከራዩ ያስተላልፋሉ። ከላይ ያየነው የምጣኔ ነገር ለእሷም ይደርሳታል ማለት ነው። ለትናንሽ ነጋዴዎች እንቆማለን ካልን ልንጠይቅ የሚገባን ቢያንስ የተወሰነው ገንዘብ ሥራው እንደተጀመረ እንዲለቀቅ ነው፤ በድጋፍ ደብዳቤው ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል የለም።

አምስተኛው የካሊፎርኒያ ነገር ነው። ይህን አሠራር በ1952 የጀመረችው እሷ ናት፤ በ2011 ሕግ ካወጣችና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካጸደቀው በኋላ፣ በየካቲት 2012 ወደ 400 የሚጠጉ የመልሶ ማልማት ድርጅቶቿን ዘጋች። ጸሐፊው ጉዳት ደርሷል ማለታቸው እውነት አለበት፤ ከዚያ ገንዘብ 20 በመቶው ለተመጣጣኝ ቤቶች መዋል ነበረበትና መዘጋቱ ለቤት ግንባታ ትልቅ ምንጭ አድርቋል። ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚያ አላቆመም። በ2014 ካሊፎርኒያ በሌላ ስም የተሻሻለ ዓይነት መለሰች፤ በአዲሱ ሕግ የትምህርት ቤቶች ግብር አይነካም፤ ካውንቲውና ሌሎቹ አካላት ድርሻቸውን የሚሰጡት ተስማምተው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ተጸጽታ የቀድሞውን መለሰች የሚለው ከዚህ ጋር አይገጥምም። እኔም ሆንኩ ብዙዎቹ ተቺዎች የምንጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለ ደብዳቤው የምለውን ልጨርስ። አንድ ክልል ከ23 ዓመት በላይ፣ እስከ 35 ዓመት ድረስ እንዲራዘም ሲፈለግ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሕጉን ማሻሻል አለበት፤ ለዚያም ድጋፍ የሚገልጹ ደብዳቤዎች ይሰበሰባሉ። የእኛ ፊርማ ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በነጻ ባንሰጠው ይሻላል። እኔ የምፈርመው ደብዳቤ አራት ነገሮችን የያዘ ይሆናል፦ በሚራዘመው ጊዜ የትምህርት ቤቶቹ ድርሻ እንደ ትራንዚቱ ክልል ሳይነካ ይቅር፤ ገንዘቡ መጀመሪያ ለሕዝብ ሥራና ከገበያ በታች ለሚከራዩ ቤቶች ይዋል፤ ለግል ፕሮጀክት የሚፈቀድ ገንዘብ ካለ «ያለዚህ አይሆንም» የተባለበት ስሌት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለሕዝብ ይታይ፤ ለትናንሽ ነጋዴዎች የሚሰጠው ድጎማ በከፊል በቅድሚያ ይለቀቅ። ጸሐፊው በእነዚህ ከተስማሙ ያዘጋጁትን ደብዳቤ አብረን እናርመው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጅቼ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።